የክንፈሚካኤል መኪና አዲስ ፊት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲወጣ፣ ከተማው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የቆርቆሮ አጥር ያለው ጋራዥ አለ። የወንዳወቅ ገብረሰንበት ነው። ወንዳወቅ ላሜራ ያቃናል፣ ስቱኮ ይለጥፋል፣ ቀለም ይረጫል። የተገለበጠ ባጃጅ፣ በሬ የገጨ የጭነት መኪና፣ ከፈረስ ጋሪ ጋር የተላተመ ሚኒባስ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ ሲወጣም ትናንት ከፋብሪካ የመጣ መስሎ ይወጣል። ሰውየው ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ደግ ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ ደግ አይደለም። እኔ የማወራችሁም ስለ እጁ ሳይሆን ስለ ቂሙ ነው።

ቂሙ የጀመረው በሽምግልና ነው።

ወንዳወቅ ያኔ ጋራዡን ከከፈተ ገና ዓመቱ ነበር። የቡሬው እህል ነጋዴ የክንፈሚካኤል ፒክአፕ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎው ተጨማድዶ መጣ። ይዛው የመጣችው የነጋዴው ታናሽ እህት አይናለም ነበረች፤ መንዳት ስትለማመድ የራሳቸውን የግቢ ግንብ ገጭታለች። «ወንድሜ ጎንደር ሄዷል። ሳይመለስ ካላቃናኸው አለቀልኝ!» አለችው፤ የምትለምነው እየሳቀች ነበር። ወንዳወቅ ሌላውን ሥራ ሁሉ ጥሎ አቃናላት። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስታጫውተው ዋለች። ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር ሳይኖራትም ወደ ፍኖተ ሰላም ብቅ ማለት አበዛች። ተዋደዱ። ወንዳወቅም እንደ አገሩ ወግ ለአባቱ ነገራቸው።

አባቱ አቶ ገብረሰንበት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ፣ ሰው የሚያከብራቸው ገበሬ ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው፣ የደብራቸውን ቄስ አባ ወልደ ዮሐንስንና አንድ ጎረቤታቸውን ይዘው ቡሬ ሄዱ። ሽማግሌ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ በጎጃም ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እሺም ይባል እምቢ፣ መጀመሪያ «ግቡ» ይባላል። መቀመጫ ይሰጣል፣ የመጡበት ጉዳይ ይጠየቃል፤ ከዚያ «እንመካከርበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላል። ሽማግሌውም ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ያስመስላል፤ በመጀመሪያው እምቢታ የሚቀር ሽማግሌም ከልቡ አልመጣም ይባላል።

ክንፈሚካኤል ግን «ግቡ» አላላቸውም። ከግቢው በር ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ አቁሞ አስጠበቃቸው። ጆንያ የሚጭኑ ወዛደሮች በመካከላቸው እየተመላለሱ «ዞር በሉ አባቶች» ይሏቸዋል። በመጨረሻ እሱ ወጣና እንደቆሙ መልስ ሰጣቸው።

«እኛ ለቀጥቃጭ ልጅ አንሰጥም» አለ።

ቀጥቃጭ! ይህ ቃል ስለ ሥራ የሚናገር እንዳይመስላችሁ። ብረት የሚመታ ሰው ዘሩ ሌላ ነው፣ አብረኸው አትብላ፣ አትጋባው የሚል የድሮ ክፋት ነው። ስንቱን ደህና ባለሙያ ከማኅበር ያስወጣ፣ ስንቱን ልጅ አንገት ያስደፋ ክፋት ነው። ስማርት ስልክ በኪሱ የያዘ ነጋዴ ይህንን ከተቀበረበት ቆፍሮ አወጣና በሽማግሌ ፊት ላይ ወረወረው። እኔ አሁን ሳወራው እንኳ ደሜ ይፈላል።

አቶ ገብረሰንበት ሽማግሌዎቹን ይዘው ተመለሱ። ለልጃቸው የሆነውን ሁሉ ነገሩትና «ሰውየው ባለጌ ነው፤ ልጅቱ ግን ባለጌ አይደለችም። ትንሽ ቀን ይለፍና እንመለሳለን» አሉት። አባ ወልደ ዮሐንስም «ለሰው ልጅ ደጅ መጥናት ነውር የለውም ልጄ» አሉ። ወንዳወቅ አሻፈረኝ አለ። «በቁሜ እያለሁ አባቴ እዚያ ደጅ ሁለተኛ አይቆምም!» ብሎ መዶሻውን ወረወረ። አይናለም በማግሥቱ ደወለችለት፤ አላነሳም። ሌላም ቀን ደወለች፤ አላነሳም። ከዚያ መደወሉን ተወችው። እሱም «ይኸው፣ ተወችው! እሷም ከወንድሟ ጋራ ስትስቅ ነበር ማለት ነው» ብሎ ይህንኑ በቂሙ ላይ ደመረው።

የዚያ ዓመት ክረምት ሳይወጣ አቶ ገብረሰንበት ታመው ሞቱ። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ፤ ወንዳወቅ ግን ክንፈሚካኤል ነው አለ። አባ ወልደ ዮሐንስ በተዝካሩም በዓመቱም እየመጡ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ገሠጹት። እሱም «እንግዲያው ጸሎቱ ይቅርብኝ አባ» ይላቸዋል። ብረት ሲመታ ክንፈሚካኤልን ይመታል፤ ቀለም ሲፍቅ ክንፈሚካኤልን ይፍቃል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

በነዚያ ዓመታት ክንፈሚካኤል የእህል ንግዱ ቀናውና ጥቁር የጀርመን አውቶሞቢል ገዛ። እሷን ከሠራት ፋብሪካ የሚወጡት ትልልቆቹ የባለሥልጣን መኪኖች ናቸው፤ ይቺ ግን የቤቱ ታናሽ ናት። ከቅንጦት መኪኖቹ ሁሉ ዋጋዋ ዝቅ ያለ፣ ሞተሯ ሯጭ፣ እሷን የገዛ ሰው «እኔም ደርሻለሁ» የሚልባት መኪና ናት። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ አገጩ ሥር ይደርሳል። ወጣ ገባ መንገድ ላይ ሆዷ ይፋቃል። ታዲያ ሰው ምኗን ብሎ ይገዛታል? መልኳን ነዋ! አፍንጫዋ ዝቅ ያለ ነው፤ መብራቶቿ ተራርቀው በጎን ያያሉ፤ ከመብራቷ የሚነሣ አንድ መስመር በሮቿን አልፎ እስከ ኋላዋ ይሄዳል። ቆማ ሳለች የምትሄድ ትመስላለች። ወንዳወቅ ባለቤቷን እየጠላ እንኳ በጋራዡ ደጅ ስታልፍ ሥራውን አቁሞ ያያት ነበር። ማየቱ ደግሞ ይብሱን ያናድደዋል።

ታዲያ ፋብሪካው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመኪናዋን መልክ ቀየረ። አፍንጫዋን ከፍ አደረገና የፊቷን ፍርግርግ አሰፋው፤ መብራቶቿንም አቀጠናቸው። ክንፈሚካኤል ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ደጅ መኪናውን ሲያቆም ከአጠገቧ አዲሷ ቆማለች። ወጣቶች አዲሷን ተደግፈው ፎቶ ይነሣሉ፤ የሱዋን ዞር ብሎ ያያት የለም። አንዱ እንዲያውም ቦርሳውን ኮፈኗ ላይ አስቀመጠባት። መኪናዋ ያን ዕለት ምንም አልሆነችም፤ ሞተሯም ቀለሟም እንዳለ ነው። ግን በአንድ ጀምበር አረጀች። የመልክ ነገር እንዲህ ነው፤ አሮጌውን የሚያስረጀው ዕድሜው ሳይሆን የአዲሱ መምጣት ነው። ክንፈሚካኤል ራቱን እንኳ በቅጡ ሳይበላ ተመለሰ ይባላል።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ጥቁሯ መኪና ወንዳወቅ ጋራዥ ግቢ ገብታ ቆመች። ክንፈሚካኤል ወረደና ስልኩን ዘረጋለት።

«አንተ ልጅ፣ ላሜራ ላይ ካንተ በላይ የለም ብለውኝ ነው የመጣሁ። ይችን የኔዋን እንዲህ አድርግልኝ። ፊቷን እንዳለ ቀይረው። ጥር ላይ እህቴን እድራለሁ፤ እህቴ ባረጀ መኪና አትወጣም፣ በሰው መኪናም አትወጣም።»

ወንዳወቅ ዓይን ዓይኑን አየው። ሰውየው አላወቀውም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን በፀሐይ እንዳቆመ፣ ምን እንዳለ፣ ሁሉንም ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ወንዳወቅን ያኔ ከነበረው ንዴት ይልቅ ይሄ መረሳት አንገበገበው፤ እሱ ዓመታት ሙሉ የተሸከመውን ነገር ሰውየው ገና በዚያው ቀን ጥሎት ሄዷል! አይናለምም ልትዳር ነው። እሷም ትቅመሰው አለ በልቡ።

«አፏን ምን ያህል ላስፋው ጌታዬ?» አለ በትሕትና።

«ትልቅ አድርገው! ከዚህም ይተልቅ!»

«ይተልቃል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ ሰፊ ፍርግርግ የተሠራው ለአዲሷ መኪና ነው፤ አዲሷ ቁመቷም ደረቷም ከፍ ያለ ስለሆነ ትችለዋለች። የክንፈሚካኤሏ ግን ዝቅ ያለች ናት። አዲሱን ፊት ለሷ ማልበስ የፈለገ ሰው ፍርግርጉን ማጥበብ፣ መብራቶቹን ከጎኗ መስመር ጋር ማገናኘት አለበት። ይህንን ወንዳወቅ ገና መኪናዋን ሲያይ ገብቶታል። ያወቀውን ሁሉ ደግሞ ገልብጦ ሠራው። ክንፈሚካኤል ከአዲስ አበባ ያስመጣለትን የአዲሷን ፍርግርግ ጥሎ በገዛ እጁ ከዚያ የሚበልጥ ቀጠቀጠ፤ ከኮፈኗ ጫፍ አስነሥቶ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አወረደው፤ ዙሪያውንም በሚያብለጨልጭ ብረት ከፈፈው። መብራቶቿን ወደ መሀል አስጠጋቸው። ያ የሚያምር መስመር መነሻውን አጣና በሯ ላይ በድንገት የሚጀምር ጭረት ሆኖ ቀረ። ማበላሸት ከማሳመር ይከብዳል፤ የተበላሸ እንዳይመስል አድርጎ ማበላሸት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ወንዳወቅ እያፏጨ ነበር የሚሠራው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሲያፏጭ የሰማው ሰው አልነበረም።

ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አያት። አፏን ከፍታ የምታዛጋ ዝንጀሮ ትመስላለች። ደስ አለው። ቡሬ ገበያ መሀል ስትገባ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ ክንፈሚካኤል የሚገባበት ሲጠፋው ታየው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ የተመነጠረው ግን ወንዳወቅ ሆነ። ማንም አልሳቀማ! ክንፈሚካኤል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በገበያው መሀል ቀስ ብሎ ነዳት። ሀብታም ሰው እንዲህ ኮርቶ የያዘውን ነገር አስቀያሚ ነው ለማለት የሚደፍር ዓይን ከየት ይመጣል? «አቤት ግርማዋ!» አሉ። «አንበሳ አስመሰላት!» አሉ። የባጃጅ ልጆች መስተዋታቸው ላይ ፎቶዋን ለጠፉ። ከሌላ ከተማ አንድ ኮንትራክተር የራሱን መኪና ይዞ ወንዳወቅ ጋራዥ መጣና «እንደ ክንፈሚካኤል መኪና አድርግልኝ» ብሎ ለመነው።

«ይሄ መልክ ለሌላ ሰው አይሠራም» አለው ወንዳወቅ ጥርሱን ነክሶ።

ይህ መልስ ቡሬ ሲደርስ የመኪናዋ ክብር ጨመረ። ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ መልክ! ክንፈሚካኤል ይበልጥ ኮራ። ወንዳወቅ አንጀቱ አረረ። ጠላቱን ሊያዋርድ ተነሥቶ የአገሩን መኳንንት አስመስሎት አረፈ። በገዛ እጁ! በደጁ ባለፈች ቁጥር ያቺ የሚያብለጨልጭ አፍ በሱው ላይ የምትስቅ መሰለው። እንቅልፍ አጣ፤ ከሳ። አባ ወልደ ዮሐንስ አይተውት «ምነው ልጄ፣ ታመሃል?» ቢሉት «መልክ ነው አባ፣ መልክ ነው ያመመኝ» አላቸው፤ እሳቸውም ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባቸው ጠበል አዘዙለት።

ጥር መጣ። ክንፈሚካኤል ደወለና «በሠርጉ ጠዋት መጥተህ መኪናዋን ወልውልልኝ፤ ሪባኑንም ራስህ እሰርልኝ። እዚያው ትበላለህ፣ ትጠጣለህ» አለው። ወንዳወቅ «እሺ» አለ። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ገና አላወቀም ነበር፤ ብቻ እምቢ ማለት አልቻለም።

ቡሬ ዳሱ ተጥሎ፣ ሙሽራው ከነአጀቡ ከዳንግላ መጥቶ፣ ሙሽሪት ልትወጣ ስትል ሰው ሁሉ ግቢው በር ላይ ተሰበሰበ። ያ በር ነው፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች የቆሙበት። ወንዳወቅ ፎጣውን ይዞ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። ክንፈሚካኤል በነጭ ልብሱ፣ ደስታውና ጠጁ ፊቱን አቅልተውት፣ እንግዶቹን እየመራ መጣና እጁን ወንዳወቅ ትከሻ ላይ ጣለ።

«ይሄን መልክ ያወጣው ይሄ ልጅ ነው! እጁ ይባረክ! እስቲ ንገራቸው፣ ምን ያህል ለፋህባት?»

ያ እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ወንዳወቅ የተሸከመው ሁሉ ገነፈለ።

«ብዙ ለፋሁ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለማሳመር ግን አይደለም የለፋሁ። አስቀያሚ ላደርጋት ነው።»

ሰው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ወንዳወቅ ግን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ መኪናዋ ፊት ዞረ።

«እዩአት። ደህና አድርጋችሁ እዩአት። መብራቶቿን መሀል ለመሀል ያስጠጋኋቸው የዝንጀሮ ዓይን እንዲመስሉ ነው። አፏን እስከ መሬት ያወረድሁት ስታዛጋ እንድትመስል ነው። ይሄን ጭረት አያችሁት? ይሄ የዚህች መኪና ውበቷ ነበር፤ ቆርጬ ጣልሁት። ጌታዬ ትልቅ ይሁን አሉኝ፤ ትልቅ አደረግሁላቸው። እናንተም ይኸው ሁለት ወር ዝንጀሮ ስታደንቁ ከረማችሁ።»

ዘፈን አውጪዋ እትዬ ማሚቱ ከበሮዋን በብብቷ እንደያዘች ጎንበስ ብላ መኪናዋን ፊት ለፊት አየቻት። «ውይ በሞትሁ! እውነትም ዝንጀሮ!» አለችና ከት ብላ ሳቀች። በቃ። ቅድም አንበሳ ያየ ዓይን ሁሉ አሁን ዝንጀሮ አየ። የሙሽራው ሚዜዎች መሳቅ ጀመሩ፤ ወዛደሮቹ ሳቁ፤ የክንፈሚካኤል የገዛ ዘመዶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ቃል የዓይን ጌታ ነው፤ መኪናዋ አልተለወጠችም፣ የተለወጠው የተባለው ነገር ብቻ ነው።

ክንፈሚካኤል መጀመሪያ እንግዶቹን አየ፤ ቀጥሎ መኪናዋን፤ ከዚያ ወንዳወቅን።

«አንተ... የማን ልጅ ነህ?» አለ።

«የገብረሰንበት። ይሄ በር ላይ በፀሐይ አቁመህ ልጅህ ቀጥቃጭ ነው ያልኸው የገብረሰንበት ልጅ ነኝ።»

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። አስታወሰ። ወንዳወቅ ይህችን ፊት ስንት ዓመት ሲጠብቃት ኖሯል! ጠጣት። እስከ አተላዋ ጠጣት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም እዚያ ብሆን ኖሮ አብሬው እጠጣ ነበር።

«ሌላ መኪና አምጡ!» ብሎ ጮኸ ክንፈሚካኤል። «ሚኒባስም ቢሆን አምጡ!»

«አይመጣም» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

አይናለም ነበረች። ቬሏን በአንድ እጇ ገለጥ አድርጋ፣ ከሚዜዎቿ ተነጥላ፣ በሕዝቡ መሀል መጣች። መንገድ ለቀቁላት፤ ሳቁም እየሟሸሸ ሄደ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ የተሳቀባት መኪና የሷ የሠርግ መኪና መሆኗ ያን ጊዜ ነው ለሰው ትዝ ያለው። ወንዳወቅ ፊት ቆመች። ቀስ ብላ ስለተናገረች ከሱና ከወንድሟ በቀር የሰማት ጥቂት ሰው ነው።

«ያን ቀን ከጓዳው መስኮት ሆኜ አባትህን አያቸው ነበር» አለችው። «አለቀስሁ። ወንድሜንም ሰደብሁት፤ መታኝ። ከዚያ ፊቴን ታጠብሁና መጠበቅ ጀመርሁ። ሽማግሌ ይመለሳል አልሁ። ለጾም መያዣ ይመጣሉ አልሁ፤ ለፋሲካ ይመጣሉ አልሁ። አባትህ ሲሞቱ ደግሞ ሐዘኑ ይውጣለት አልሁ። የመጣልኝን ሁሉ ስመልስ ኖሬ፣ ዓምና ነው ተስፋ የቆረጥሁ።»

ወንዳወቅ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ።

«ለወንድሜ መኪና ይህን ያህል ካሰብህ፣ ለኔ አንድ ቀን ሽማግሌ መድገም አቃተህ?»

የአባቱ ክብር ሊል ፈለገ፤ ግን «እንመለሳለን» ያሉት አባቱ ራሳቸው ነበሩ። እምቢ ያለው እሱ ነው። ቅድም የጠጣው ሁሉ አሁን መረረው።

«አይናለም...» አለ።

«ተወው። ሙሽራው ደግ ሰው ነው፤ እየጠበቀኝ ነው።» ቬሏን መለሰችና ለወንድሟም ለሱም፣ ለቆመውም ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «እኔ በዚችው መኪና ነው የምሄድ» አለች። «በል፣ ክፈትልኝ።»

ወንዳወቅ በሩን ከፈተላት። ገብታ ስትቀመጥ የቀሚሷ ጫፍ ደጅ ቀርቶ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሰብስቦ አስገባላትና በሩን ዘጋው።